ትልቁ ኮይል ስንት ያወጣል? የሜታል ዲቴክተር ንግድና የድሬዳዋ አፈር

ከታይዋን እስከ ቀፊራ ያለውን የድሬዳዋ ገበያ የሚያውቅ ሰው፣ ዕቃ ተጠይቆ "የለም" መባል ብርቅ እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ከሌለ ነገ ይመጣል፤ ከጅቡቲ በኩል ካልሆነም በሌላ በኩል ይመጣል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ከቴሌቪዥንና ከሞባይል ወጣ ያለ ሸቀጥ ነው፦ ሜታል ዲቴክተር፣ በተለይም ሰፊ ኮይል ተገጥሞለት በትከሻና በወገብ በሚታሰር ማንገቻ የሚሸከሙት ዓይነት።

ነገሩ ወደ ነጋዴው ጆሮ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሽርክና ጥያቄ መልክ ነው። አንዱ "ቦታውን አውቀዋለሁ" ይላል። ሌላው "ማሽኑን የሚያስመጣ ሰው አለኝ" ይላል። የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነው። የሚፈለገው ደግሞ ወይ ጣሊያን ሲሸሽ የቀበረው ወርቅ ነው፤ ወይ በእንስራ የተቀበረ ማርትሬዛ ነው፤ ወይም ስሙ በውል የማይነገር "ጥንታዊ ዕቃ" ነው። የማሽኑን ዋጋ እንዲያወጣ የሚጠየቀው ሰው ደግሞ ስለ ማሽኑም ሆነ ስለ አፈሩ ብዙም ሳይነገረው ይስማማል። እኛ ከሁለቱም እንጀምር።

ኮይሉና ማንገቻው

ከዘንጉ ጫፍ ላይ ሳህን የመሰለው ክፍል ኮይል ይባላል። ውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባበት መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ ከሥር ብረት፣ መዳብ፣ ብር ወይም ወርቅ ካለ በዚያ ነገር ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይቀሰቀሳል፤ እሱም በተራው ምልክት ይመልሳል። ማሽኑ ያንን ምልክት ሰምቶ ይጮኻል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ኮይሉ ሲሰፋ የሚልከው ኃይል ጠለቅ ብሎ ይወርዳል። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድላል፤ ኃይሉ በሰፊ ቦታ ስለሚበተን ጥቃቅን ነገር ያመልጠዋል። በ11 ኢንች ኮይል የሚሰማ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ወርቅ በ18 ወይም በ25 ኢንች ኮይል ላይሰማ ይችላል። ትልቁ ኮይል የተሠራው ለትልቅና ለጥልቅ ነገር ነው፦ ለእንስራ፣ ለብረት ሳጥን፣ ለመድፍ ጥይት፣ ለቧንቧ። ከዚህም ሌላ ሰፊ ኮይል በአንድ ጊዜ ሰፊ አፈር ስለሚያይ በአፈሩ ውስጥ ያለው ማዕድን ያውከዋል፤ ከኤሌክትሪክ መስመርም የበለጠ ሁካታ ይለቅማል።

"አሥር ሜትር ያያል" የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎት ይህን ያስታውሱ። አንድ ሳንቲም ከኮይሉ ሲርቅ ምልክቱ የሚዳከመው በእኩል መጠን እየቀነሰ አይደለም። ርቀቱ የኮይሉን ስፋት ካለፈ በኋላ ጥልቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚመለሰው ምልክት ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ለአንዲት ሳንቲም በሰፊው የሚሠራበት ግምት የኮይሉን ስፋት ያህል ጥልቀት ነው፤ 18 ኢንች ከሆነ ግማሽ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ታንክ ከሆነ በእርግጥ ከዚያ በታችም ይሰማል። ግን ታንክ ማን ይፈልጋል?

ማንገቻው የሚያስፈልገው በክብደቱ የተነሳ ነው። በወርቅ ፈላጊዎች ዘንድ የታወቀው የአውስትራሊያው ማይንላብ ኩባንያ ጂፒኤክስ 5000 የተባለው ማሽን ያለ ባትሪው 2.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ባትሪው በጀርባ የሚታዘል ነው። የኩባንያው ጂፒዜድ 7000 ደግሞ ከነባትሪው 3.3 ኪሎ ገደማ ነው። ትልቅ ኮይል ሲገጠም ከክንድ አንድ ሜትር ርቆ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚሆን ክብደት ይንጠለጠላል። ይህ ሚዛን ላይ ቀላል ነው፤ ከጠዋት እስከ ረፋድ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ግን ትከሻ ይበጣጥሳል። የክንድ ድካም ደግሞ ለምቾት ብቻ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም። የደከመ ሰው ኮይሉን በየውዝዋዜው ጫፍ ከፍ ያደርገዋል። ከመሬት አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ለትልቁ ኮይል ተጨማሪ ገንዘብ የተከፈለበት ጥልቀት በአየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጥሩ ማንገቻ ሰፊ የትከሻ ጥብጣብ፣ ክብደቱን ወደ ዳሌ የሚያወርድ ቀበቶና ማሽኑ የሚንጠለጠልበት የሚለጠጥ ገመድ አለው። ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ እጅን ከመያዣው ለቀቅ ሲያደርጉ ኮይሉ መሬቱን ሳይነካ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መንሳፈፍ አለበት። ከዚያ በኋላ የእጅ ሥራ ማሽኑን መምራት ብቻ እንጂ መሸከም አይሆንም። ማያያዣዎቹ ፕላስቲክ ይሁኑ፤ የብረት ዘለበት፣ የኪስ ሞባይልና አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ ሁሉ ማሽኑን ያስጮኹታል። ውዝዋዜው ቀስ ያለ፣ እያንዳንዱም በፊተኛው ላይ የተደረበ መሆን አለበት። ትልቅ ኮይል ምልክት ሲሰጥ ትክክለኛውን ነጥብ ስለማያሳይ አዋቂዎች በትንሽ ኮይል ደግመው ይፈትሹታል። ያንን የማያደርግ ሰው ለአንዲት ምስማር የመቃብር ያህል ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ የቁፋሮውን ሒሳብ የሚከፍለውም ገንዘብ ያወጣው ሸሪክ ነው።

ዋናውና ሐሰተኛው

ዋጋው ቀላል አይደለም። ጂፒዜድ 7000 እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ሲቀርብ ወደ 10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። እንዲህ ያለ ዋጋ ያለው ዕቃ ሐሰተኛ መንትያ ሳይወለድለት አይቀርም።

የማይንላብ ባለቤት የሆነው የአዴሌዱ ኮዳን ኩባንያ ታሪክ ለማንኛውም አስመጪ ትምህርት ይሰጣል። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት በሱዳንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የወርቅ ፍለጋው ሲጧጧፍ የኩባንያው ሽያጭ ሰማይ ነካ። ከዚያ ከሠራተኞቹ አንዱ ለሥራ ወደ ቻይና በሄደበት ጊዜ በሆቴል ኢንተርኔት አማካይነት ኮምፒዩተሩ ተሰረሰረና የማሽኑ ንድፍ ተሰረቀ። ብዙም ሳይቆይ መልኩ ከዋናው የማይለይ ርካሽ ማሽን የአፍሪካን ገበያ አጥለቀለቀ። ኮዳን ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ፤ ዓመታዊ የተጣራ ትርፉም ከ45 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 በተዘጋው ዓመት ወደ 9.2 ሚሊዮን ወረደ። በዚያን ጊዜ የተሸጡት ሐሰተኞች አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ላለመሆናቸው ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

ከሐሰተኛው ማሽን የባሰም አለ፤ ጭራሹኑ ማሽን ያልሆነ። ኮይል የሌለው፣ እንደ አንቴና ያለ ዘንግ ብቻ ያለውና "ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅ ይጠቁማል" የሚባል ዕቃ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል። የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነ ባዶ ዕቃ ቦምብ ይጠቁማል ተብሎ ለኢራቅ መንግሥት ሳይቀር ተሸጦ ነበር፤ ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የአሥር ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። መንግሥት ከተታለለ አንድ ግለሰብ ነጋዴ ቢታለል አይፈረድበትም። ኮይል የሌለው ዲቴክተር ግን ሞተር እንደሌለው መኪና ነው።

የድሬዳዋ አፈር ምን ይዟል?

ማሽኑ ዋናው ነው እንበል፤ ኮይሉ ትልቅ፣ ማንገቻው የተስተካከለ። አሁን ወደ አፈሩ እንሂድ።

ድሬዳዋ ከብረት የተወለደች ከተማ ናት። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሸፍኖ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማይቱም በዚያው ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። ከዚያ በኋላም የባቡሩ ትልቁ ወርክሾፕ የነበረው ድሬዳዋ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቡሎን፣ የሐዲድ ምስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭና የቧንቧ ስባሪ በዚህ መሬት ላይ ሲወድቅ ኖሯል። ደቻቱም በየጎርፉ ከላይ ያመጣውን ከታች ይቀብራል፤ የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ ያደረገውን የማያስታውስ የከተማው ነዋሪ የለም። ለወርቅ የሚጠቅመው ዓይነት ጠንካራ ማሽን ደግሞ ብረትን ከሌላ ማዕድን በመለየት የታወቀ አይደለም። እንግዲህ ትልቅ ኮይል ታጥቆ በከዚራና በመጋላ ዙሪያ የሚዞር ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የባቡሩን ውራጅ ነው ማለት ነው። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር መጥቷል፤ የከፍተኛ ኃይል መስመር ባለበት አካባቢ ለትልቅ ኮይል ጸጥታ የለም።

ሁለተኛው ብረት የጦርነት ነው። ጣሊያን ድሬዳዋ የገባው ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር አካል የነበሩት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከተማይቱን የያዙት መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። "የጣሊያን ወርቅ" የሚባለው ወሬ መነሻው ይህ ሽሽት ነው። ይሁንና ቅኝ ግዛቱ የሚገበያየው በወረቀት ሊሬ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ የትኛውም ኮይል አይሰማውም። ከዚያም ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በታንክና በመድፍ ድሬዳዋን ለመያዝ ሞክሮ ተመልሷል። በዚያ ሰሞን ከተተኮሰው ውስጥ ያልፈነዳ አለ ብሎ መገመት የሚያስነውር አይደለም። ከ1994 እስከ 1996 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የፈንጂ ጥናት በእጅጉ ተጎድተዋል ከተባሉት ክልሎች አንዱ ጎረቤታችን የሶማሌ ክልል ነበር።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ትልቅ ኮይል ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምንድን ነው ብለናል? ትልቅና ጥልቅ ብረት። በዚህ አካባቢ ከከተማ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ግማሽ ሜትር ወርዶ ጠንካራ ድምፅ የሚሰጥ ነገር ሳጥን የመሆን ዕድሉ የመድፍ ጥይት ከመሆኑ ዕድል ይበልጣል ብሎ የሚወራረድ ደላላ ካለ፣ ዶማውን ራሱ ይያዝ። ቆፋሪው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ልጅ ነው፤ የሽርክናው ውል ላይ ስሙ የለም። የፈንጂ ሥራ የሠለጠነ ሰውና ፈቃድ ያለው መሥሪያ ቤት የሚሠራው ነው። አጠራጣሪ ነገር ካጋጠመ አለመንካት፣ ቦታውን ምልክት ማድረግና ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ ማሳወቅ ነው። ለቆራሌው የሚሸጥ መዳብ አለው ብሎ የመድፍ ጥይት መቀጥቀጥም ከዚሁ የሚመደብ ነው።

የሐርላ ሳንቲም

ሦስተኛው ነገር እውነተኛው ሀብት ነው፤ እሱም አለ። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሐርላ መንደር ገበሬዎች ሲያርሱ የቆየ ሳንቲምና የሸክላ ስባሪ ሲያገኙ ኖረዋል። ከትላልቆቹ የግንብ ድንጋዮች የተነሳ በጥንት ዘመን ግዙፋን ሰዎች ይኖሩባት ነበር ይባል ነበር። የእንግሊዙ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶልና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ቆፍረው ያገኙትን በ2009 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ ይፋ አደረጉ። በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የመቃብር ቦታ፣ ከብር፣ ከነሐስ፣ ከከበሩ ድንጋዮችና ከመስተዋት ዶቃ ጌጥ ይሠራባቸው የነበሩ ወርክሾፖች፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፅ የተመታ የነሐስና የብር ሳንቲም፤ ከቻይና፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከማዳጋስካር የመጣ ዕቃ። ለድሬዳዋ ነጋዴ ይህ የሚያኮራ ዜና ነው፤ እዚህ አካባቢ የውጭ ንግድ የተጀመረው ባቡር ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

ታዲያ የሐርላ ሳንቲም ዋጋው ምን ላይ ነው? አፈሩ ላይ ነው። ከአንድ ግድግዳ ሥር፣ ከአንድ የአፈር ድርብ ውስጥ የተገኘ የግብፅ ሳንቲም ያ ግድግዳ መቼ እንደተሠራ ይናገራል። ያው ሳንቲም ማታ በባትሪ ተቆፍሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ ገበያ ሲመጣ ከመቶ ዓመት በፊት ሐረር ውስጥ በአንድ ብር ሠሪ እጅ ከቀረ ስባሪ አይለይም። በሌላ አነጋገር ሌባው ሊሸጠው ካሰበው ዋጋ አብዛኛውን ራሱ በዶማው ያጠፋዋል።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል። ለንግድ ዓላማ መግዛትና መሸጥ፣ ከአገር ማውጣትም እንደዚሁ። ለግንባታ፣ ለመንገድ ወይም ለማዕድን ሲቆፍር በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ባለበት መጠበቅ አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ ደግሞ አለ፤ በአጋጣሚ ያገኘውን ያስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት አዋጁ ይደነግጋል። ሕንፃ የምታስቆፍሩ ባለሀብቶች ይህን ለፎርማኖቻችሁ ብትነግሯቸው አይከፋም። ባለሥልጣኑ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሏል።

የማርትሬዛ ሒሳብ

ሕጉን ለአፍታ ትተን በንጹሕ ሒሳብ ብቻ እንየው ቢባልስ? ሁሉም የሚመኘው ማርትሬዛ ብር 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ነው። (የኛ የወቄት ሚዛን ራሱ የአንድ ማርትሬዛ ክብደት ነበር።) ሳንቲሙ ላይ ያለው 1780 የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። "ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው" ይባላል። ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ቁጥሩ ሳይለወጥ በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያንም ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ ማስመታት ጀምሯል። ስለዚህ ተራው ማርትሬዛ ብርቅ አይደለም፤ ዋጋው ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

የብር ዋጋ ይለዋወጣል፤ ለስሌት እንዲመች አውንሱ፣ ማለትም 31.1 ግራሙ፣ 50 ዶላር ነው እንበል። አንድ ማርትሬዛ ወደ 37 ዶላር ተኩል ይሆናል። የ10 ሺህ ዶላር ማሽን ለመመለስ ብቻ 266 ማርትሬዛ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ሰባት ኪሎ ተኩል ገደማ ብር ማለት ነው። ተጨማሪ ኮይሉ፣ ማንገቻው፣ ቀረጡ፣ የቆፋሪው ቀን ሒሳብና የመኪናው ነዳጅ ገና አልተነካም። ያም በሕጉ መሠረት ሊሸጥ በማይችል ዕቃ ላይ ነው። የተሰማራበት ንግድ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢያቀርብለት የሚቀበል ነጋዴ አናውቅም፤ የተቀበረ ሀብት ሲባል ግን ሚዛን የሚጥል ብዙ ነው።

ማሽኑ የሚያዋጣበት ቦታ ግን አለ። በቤንሻንጉል ጉሙዝና በትግራይ የባህላዊ ወርቅ አምራቾች ከክልላቸው ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩበት መሬት አለ፤ ወርቁም ብሔራዊ ባንክ ድረስ ሕጋዊ ገዢ አለው። እዚያም ቢሆን አዋቂዎች የሚጀምሩት በትንሽ ኮይል ነው፤ ትልቁ የሚወጣው ላይኛው አፈር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጥልቅ የቀረ ትልቅ ቁራጭ ለመፈለግ ነው። ሌላው የኮንስትራክሽን ሥራ ነው፦ ካርታው የጠፋ የውኃ ቧንቧ፣ የተቀበረ ኬብል፣ የቆየ የነዳጅ ታንከር። አንድ ኤክስካቫተር ዋናውን ቧንቧ ከመብሳቱ በፊት ማግኘት ለተቋራጩ ምን ያህል እንደሚያተርፍለት ራሱ ያውቀዋል። ማሽኑን በቀን እያከራዩ መሥራት ለሚያስብ ሰው ከጣሊያን ወርቅ ይልቅ ይህ የቀረበ እንጀራ ነው። ከማዘዝ በፊት ግን የአስመጪነት ፈቃዱንና የጉምሩክን አቋም አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ ድንበር ላይ የተያዘ ዲቴክተር ለማንም አይጮኽም።

ያገለገለ ማሽን ለመግዛት የሚሄድ ሰው አንዲት ማርትሬዛ ወይም መጠኗ የሚቀራረብ የመዳብ ቁራጭ በኪሱ ይያዝ። የኤሌክትሪክ መስመር ወደሌለበት ቦታ ሻጩን ይዞ ወጥቶ በንጹሕ አሸዋ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበራት። ማንገቻውን ታጥቆ ለግማሽ ሰዓት ያህል ራሱ ይዙርበት። ገመዱ ኮይሉ ላይ ከሚገባበት አጠገብ ሲነካካ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አለ። መለያ ቁጥሩን ለአምራቹ ልኮ ማረጋገጥም ወጪው ከንቱ ነው። ሻጩ "ሱቅ ውስጥ ሞክረው፣ ይበቃል" ካለ፣ ማሽኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ይተውለት።